ቁጥሩ ዝቅ ሲል እመኑት፣ ደህና ሲሆን ጠይቁት፦ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ግምገማ

ጣት ላይ የሚሰካው ትንሹ የኦክስጅን መለኪያ፣ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ፐልስ ኦክሲሜትር የምንለው፣ ዛሬ በብዙ የምርመራ ክፍሎች ከደም ግፊት መለኪያውና ከማዳመጫው ጎን የማይጠፋ ዕቃ ሆኗል። እዚህ የምገመግመው የአንድን አምራች ሞዴል ሳይሆን፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪዎች የሚሠራውን፣ ገመድ የሌለውን፣ መለኪያውና ቁጥር ማሳያው አንድ ላይ የተገጠሙበትን ዓይነት ነው። የማነሣውም ከባድ ሕመሞችን፣ በተለይ የሳንባ ምችን፣ አስምን፣ የልብ ድካምንና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታን ለይቶ በማወቅና በመከታተል ሥራ ላይ የት እንደሚረዳና የት እንደሚያሳስት ነው። የሚያሳየው ቁጥር ሙሌት ይባላል፤ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ሂሞግሎቢን፣ ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ ይናገራል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መሣሪያው ዝቅተኛ ቁጥር ሲያሳይ፣ የሚቀበለው ምልክት ጥሩ እስከሆነ ድረስ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ መታመን አለበት፤ ደህና ቁጥር ሲያሳይ ግን ያ ቁጥር ብቻውን ማንንም ወደ ቤት ለመሸኘት አይበቃም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዝቅ ያለው ቁጥር «መሣሪያው ተበላሽቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ 97 ሲል ደግሞ ታካሚው በቅጡ ሳይታይ ይሸኛል።

የመሣሪያው ብርታትም ድክመትም የሚመነጨው ከአሠራሩ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በአንደኛው ጎኑ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ አንዱ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ ብርሃን፣ ሌላው 940 ናኖሜትር አካባቢ የሆነና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ያመነጫል። በተቃራኒው ጎን ያለው ተቀባይ ጣቱን አልፎ የደረሰውን ብርሃን ይለካል። ኦክስጅን የያዘ ሂሞግሎቢን ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ይመጥጣል፤ ኦክስጅን ያጣው ደግሞ ቀዩን። ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ጥፍሩና በደም መልስ ውስጥ ያለው ደም የሚመጥጡት ብርሃን ከልብ ምት ጋር እምብዛም አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው በእያንዳንዱ ምት ወደ ጣት የሚገፋው የደም ቅዳ ደም ነው፤ መሣሪያውም ስሌቱን የሚሠራው ከዚህ ከሚመታው ክፍል ነው። ሐሳቡን ያፈለቁት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ናቸው። በኒሆን ኮህደን ኩባንያ ሲሠሩ፣ ወደ ደም የሚገባን ቀለም በጆሮ ላይ በብርሃን እየተከታተሉ ልብ የሚረጨውን የደም መጠን ለመለካት ይሞክሩ ነበር፤ ነገር ግን የደም ሥሩ ምት መለኪያውን እያወከ አስቸገራቸው። ሁከቱን ለማጥፋት ሲደክሙ፣ ሁከቱ ራሱ በደም ውስጥ ባለው ኦክስጅን መጠን እንደሚለዋወጥ አስተዋሉ፤ ሊያስወግዱት የነበረውን ነገርም መለኪያ አደረጉት። ሥራቸውን ለሙያ ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር፤ ያረፉትም በ2020፣ ኮቪድ መሣሪያቸውን ከሆስፒታል አውጥቶ በየመኖሪያ ቤቱ ባስገባበት ዓመት ነው።

ምት ከሌለ እንግዲህ መለኪያ የለም። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ የደም ግፊቱ ከወደቀ፣ ወይም በዚያው ክንድ ላይ የግፊት መለኪያው እየተነፋ ከሆነ፣ የሚመታው ክፍል ይቀጥናል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ዝም ቢል መልካም ነበር፤ አብዛኛዎቹ ግን ቁጥር ማሳየታቸውን ይቀጥላሉ፣ ቁጥሩም ከመለኪያነት ይልቅ ወደ ግምት ያደላል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የማየው ሞገዱን፣ በእያንዳንዱ ምት ማሳያው ላይ ወጥቶ የሚወርደውን መስመር፣ ነው። ሞገድ የማያሳይ፣ ቁጥር ብቻ ያለው ሞዴል ለምርመራ ክፍል እንዲገዛ አልመክርም። ጥሩ ሞገድ በፍጥነት ወጥቶ በዝግታ የሚወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ጉብታ ያለው፣ ከምት ወደ ምት የሚመሳሰል ቅርጽ ነው። መሣሪያው የሚያሳየው የልብ ምት ደግሞ በእጅ አንጓ ላይ ከሚቆጠረው ጋር መስማማት አለበት፤ ካልተስማማ የኦክስጅኑ ቁጥርም አጠራጣሪ ነው። የልብ ምቱ ሥርዓቱን የሳተ ሰው ላይ ሞገዱ አንዴ ረዝሞ አንዴ አጥሮ፣ ልዩነቱም ተዛብቶ ይታያል፤ የልብን መርበትበት ማንም ሳይጠረጥረው በዚህች ትንሽ መስኮት ላይ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ በልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሲታይም ተረጋገጠ።

በአንድ ጠዋት ተከታትለው የገቡ ሁለት ታካሚዎች ነገሩን በደንብ ያሳያሉ። የመጀመሪያዋ ከውጭ ብርድ የገባች ወጣት ነበረች፤ መሣሪያው 83 አለ። ሞገዱ ግን የተበጣጠሰና ዝርግ መስመር ነበር። እጇን እንድታሻሽ አድርገን፣ ወደ ሌላው እጅ የመሃል ጣት አዛውረን፣ ክንዷን ጭኗ ላይ አሳርፋ እንድትቆይ ጠየቅናት፤ ሞገዱ ቀስ በቀስ ቅርጽ ያዘና ቁጥሩ 96 ላይ ረጋ። ቀጥለው የገቡት አዛውንት «ሳል ብቻ ነው ያስቸገረኝ» እያሉ በእርጋታ ይናገሩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ጭንቀት አይታይም። መሣሪያው 86 አለ፤ ሞገዱ ጥርት ያለ፣ የልብ ምቱም ከአንጓቸው ጋር አንድ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብሎ ሌላ መሣሪያ አመጣ፤ ያም 87 አለ። ትንፋሻቸውን ሙሉ አንድ ደቂቃ ስንቆጥር 32 ሆነ፤ በቀኝ ሳንባቸው ግርጌም የሚንጫጫ ድምፅ ተሰማ። የሳንባ ምች ነበር፤ በዚያው ሰዓት ኦክስጅንና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተጀምሮላቸው ተኙ። ሁለቱም ቁጥሮች ዝቅተኞች ነበሩ፤ የትኛው እንደሚታመን የነገረን ሞገዱ ነው።

አጠቃቀሙን በሚመለከት የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ቁጥሩ እስኪረጋ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፤ ከሳንባ የወጣው ደም ጣት እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳልና በጣት ላይ የሚነበበው ሳንባ ውስጥ ከሆነው ነገር ሁልጊዜ ጥቂት ይዘገያል። ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ስለሚችል ቢነሣ ይሻላል፤ ካልተቻለ መሣሪያውን በጣቱ ጎን አዙሮ መሞከር ይቻላል። የሚንቀጠቀጥ እጅና በቀጥታ የሚያርፍ ኃይለኛ ብርሃንም ያሳስታሉ። የጣቱን ማረፊያ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ከታካሚ ታካሚ መጥረግ ይገባል፤ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ግን ዕቃውን ያበላሻል።

ይህ ዕቃ ከሁሉ ይበልጥ የሚመሰገንበት ቦታ የሳንባ ምች ነው። የኦክስጅን እጥረትን በዓይን ብቻ ለማወቅ የምንጠብቀው የከንፈርና የምላስ መጥቆር ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ልምድ ያለው ሰው እንኳ ሙሌቱ በብዙ እስኪወርድ ድረስ ላያየው ይችላል፤ የደም ማነስ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ሕፃን ልጅ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ልጁ ሊናገር አይችልም፣ መፍዘዙም እንቅልፍ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በፓፑዋ ኒው ጊኒ አምስት ሆስፒታሎች ውስጥ ኦክስጅን መለኪያና ኦክስጅን ማምረቻ ማሽን በአንድነት ሥራ ላይ ሲውሉ፣ በሳንባ ምች ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት መካከል የሚሞቱት ድርሻ ከ4.97 በመቶ ወደ 3.22 በመቶ ወርዷል። እዚህ ላይ በአንድነት የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል፤ ቁጥሩን ያየ ባለሙያ የሚሰጠው ኦክስጅን ከሌለው መለኪያው ብቻውን ሕፃን አያድንም።

ሆኖም መለኪያው ትንፋሽ መቁጠርን አይተካም። ከሁለት ወር በታች በሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትንፋሽ ፈጣን ይባላል፤ ትንፋሽ ሲሳብ የደረት የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መጎድጎድም በዓይን የሚታይ ምልክት ነው። ልጁ ኦክስጅኑን 95 ላይ ያቆየው በደቂቃ 60 ጊዜ እየተነፈሰ ከሆነ፣ ቁጥሩ የሚነግረን ልጁ እየታገለ መሆኑን ሳይሆን ትግሉ ለጊዜው መሳካቱን ብቻ ነው። የደከመ ልጅ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ሊታገል አይችልም። በአዋቂም ቢሆን በእኔ ዓይን ከአንድ ደህና ሙሌት ይልቅ ከ25 በላይ የሆነ የትንፋሽ ቁጥር ይከብዳል፤ ሆኖም በብዙ የታካሚ ካርዶች ላይ ሙሌቱ በጥንቃቄ ተጽፎ፣ ትንፋሹ ግን ሳይቆጠር በግምት «20» ተብሎ ይገኛል። ይህ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል፤ መሣሪያው ከመጣ ወዲህ የባሰበትም ይመስለኛል።

የቁጥሩ ትርጉም በየደረጃው አንድ አይደለም። ሙሌቱ 90 አካባቢ ሲሆን በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ወደ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ግፊቱ ብዙ ቢቀንስ ሙሌቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፣ ከዚያ በታች ግን ትንሽ የግፊት መቀነስ ሙሌቱን በፍጥነት ያወርደዋል። በዚህ ምክንያት ከ98 ወደ 94 የወረደ ሰው በሳንባው ውስጥ ብዙ ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ 89 ላይ ያለ ሰው ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ ሰው ላይ የሚነበብ ቁጥርም ለብቻው ምንም አይናገርም፤ በተፈጥሮ አየር 95 መሆንና በደቂቃ 10 ሊትር ኦክስጅን እየገባ 95 መሆን ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ካርዱ ላይ ከቁጥሩ ጎን ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ያልተጻፈበት ንባብ ለተረኛው ባለሙያ አይጠቅመውም። ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ጤነኛ ሰውም ዝቅ ያለ ቁጥር ይኖረዋልና መነሻው ይህን ታሳቢ ማድረግ አለበት።

አሁን ወደ ደህናው ቁጥር ልምጣ፤ ከባዱ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። መሣሪያው የሚለካው ካለው ሂሞግሎቢን ውስጥ ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ ነው፤ ሂሞግሎቢኑ ስንት እንደሆነ አይለካም። አንድ ግራም ሂሞግሎቢን ሲሞላ ወደ 1.34 ሚሊሊትር ኦክስጅን ይይዛል። በአንድ ዴሲሊትር ደሙ 15 ግራም ሂሞግሎቢን ያለው ሰው በዚያው ደም ወደ 20 ሚሊሊትር ኦክስጅን ሲሸከም፣ 5 ግራም ብቻ ያለው ሙሉ በሙሉ ቢሞላ እንኳ ከ7 ሚሊሊትር አያልፍም። ሁለቱም ጣታቸውን ሲያስገቡ 99 ይነበባል። ደም እየፈሰሳት የመጣች እናት 99 ናት ተብሎ መረጋጋት የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ ስሌት ግልጽ ይመስለኛል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ደግሞ ይበልጥ አታላይ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ወይም በሞተር ጭስ የታፈነ ሰው ሂሞግሎቢኑ በዚህ ጋዝ ተይዞ ሳለ፣ ሁለት የብርሃን ዓይነት ብቻ የሚጠቀመው ተራው መሣሪያ ጋዙን ከኦክስጅን መለየት አይችልም፤ ደህና ወይም ወደ ደህና የተጠጋ ቁጥር ያሳያል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ይዘው በአንድነት የመጡ የአንድ ቤት ሰዎች ላይ ይህን መሣሪያ ለማረጋገጫ መጠቀም አደገኛ ነው፤ በታሪካቸው ተጠርጥሮ ከፍተኛ ኦክስጅን ወዲያው ይጀመራል፣ ማረጋገጫውም የደም ምርመራ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችና ኬሚካሎች ሂሞግሎቢኑን ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት፣ ወደ ሜትሂሞግሎቢን፣ ሲቀይሩት ደግሞ ንባቡ ወደ 85 ይጠጋና እውነተኛው ሁኔታ ቢብስም ቢሻልም እዚያው አካባቢ ይቆማል። ኦክስጅን ቢጨመርም ከ85 ፈቀቅ የማይል፣ ቀለሙ ግን አመድማ የሆነ ታካሚ ሲያጋጥም ይህ መታሰብ አለበት።

ሌላው መሣሪያው የማያየው ነገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የወሰደና ትንፋሹ በደቂቃ ወደ 8 የወረደ ሰው ኦክስጅን በአፍንጫው እየገባለት 98 ሊነበብ ይችላል፤ በደሙ ውስጥ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተከማቸ፣ እሱም ወደ ጥልቅ ድንዛዜ እየገባ ነው። በአስም ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሌቱ ከ92 በታች የሆነ አስም ሕይወትን የሚያሰጋ መሆኑ በመመሪያዎች ውስጥ የታወቀ ነው፤ ይሁንና አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያቃተው፣ የአንገቱ ጡንቻዎች የሚወጠሩ ሰው 95 ቢነበብም ሕመሙ ከባድ ነው። የሚያፏጨው ድምፅ ጠፍቶ ደረቱ ጸጥ ካለ፣ ታካሚውም ከመታገል ወደ መንቀላፋት ከዞረ፣ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ በእውነቱ ግን እየደከመ ነው፣ ቁጥሩም የመጨረሻው አስጠንቃቂ ሊሆን ይችላል። የረጋ ደም የሳንባን የደም ቧንቧ ሲዘጋም ሙሌቱ ደህና ሆኖ የሚቆይባቸው ታካሚዎች አሉ፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም ይዞ፣ አንድ እግሩ አብጦ የመጣ ሰው 98 ስለሆነ ብቻ ከጥርጣሬ አይወጣም።

የቆዳ ቀለምን ጉዳይ ለብቻው አነሣዋለሁ፤ በዚህ መሣሪያ ላይ ከማውቃቸው ጉድለቶች ሁሉ እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያነበበላቸውን ታካሚዎች በተመሳሳይ ጊዜ በደም ቅዳ ደም ምርመራ አነጻጸረ፤ ከጥቁሮቹ ንባቦች በ11.7 በመቶው እውነተኛው ሙሌት ከ88 በታች ሆኖ ሲገኝ፣ በነጮቹ ይህ የሆነው በ3.6 በመቶው ብቻ ነበር። ችግሩ ለባለሙያዎች አዲስ አልነበረም፤ ቢሆንም መሣሪያዎቹ ሲፈተሹ የቆዩት በአብዛኛው ፈዛዛ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2021 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አምራቾች ለሕክምና የሚውሉ መሣሪያዎችን በሰፊ የቆዳ ቀለም ክልል እንዲፈትሹ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ አቀረበ። ስሕተቱ የሚያዘነብለው አደገኛ ወደሆነው አቅጣጫ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለውን ሰው ከእውነቱ ይልቅ ደህና ያስመስለዋል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለውና ሕመም የሚታይበት ሰው ላይ 92 ወይም 93 ሳነብ፣ እውነተኛው ቁጥር ከ90 በታች ሊሆን እንደሚችል ቆጥሬ እንቀሳቀሳለሁ፤ የደም ጋዝ ምርመራ ካለ አዝዛለሁ፣ ከሌለ ለኦክስጅኑ አልዘገይም፣ በየሰዓቱ የሚታየውን ለውጥም ከአንዱ ንባብ ይበልጥ አምናለሁ። ዕቃው ላይ ትልቁን ነጥብ የምቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰውን ልጅ በቆዳው ቀለም በተለያየ እውነት የሚለካ የሕክምና መሣሪያ ይህን ያህል ዘመን ሳይስተካከል መቆየት አልነበረበትም።

በሕክምና ክትትል ላይ ግን መሣሪያው ሌላም ውለታ አለው፤ ኦክስጅን እንዳይበዛ ይጠብቃል። ብዙ ሰው ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ይጠቅማል ብሎ ያስባል። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው ግን ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ሲሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሊከማች ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 ሲሆን፣ ለሌላው አዋቂ በአብዛኛው ከ94 እስከ 98 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመና በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ በተካሄደ ጥናት፣ ወደ ሆስፒታል በሚወሰዱበት መንገድ ላይ ኦክስጅን ሳይመጠን ከተሰጣቸው ታካሚዎች 9 በመቶው ሲሞቱ፣ ወደ 88 እና 92 መካከል እየተመጠነ ከተሰጣቸው የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። ይህን ያደረገው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ መለኪያውን እያዩ መክፈቻውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም (የልብ ደም ቧንቧ መዘጋት) በተጠረጠረባቸው ሰዎች ላይም በስዊድን ከ6,600 በላይ ታካሚዎችን ያካተተው የ2017 ጥናት፣ ሙሌታቸው 90 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ኦክስጅን መስጠት በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሞቱትን ቁጥር እንደማይቀንስ አሳይቷል። በልማድ ይጠለቅ የነበረ የኦክስጅን ጭምብል ዛሬ ለሚያስፈልገው ሰው የሚቀመጠው በዚህች ትንሽ ዕቃ ምክንያት ነው።

ስለ ግዢ ጥቂት። ሻጩ መሣሪያውን በራሱ ጣት ላይ አድርጎ 98 ሲያሳይ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጤነኛ ጣት ላይ 98 ማሳየት ቀላል ነው፤ ጥያቄው 82 የሆነ ሰው ላይ ምን እንደሚያሳይ ነው፤ ያንን በመደብር ውስጥ መፈተሽ አይቻልም። ደህና መሣሪያዎች የሚፈተሹት በክትትል ሥር ሆነው ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር በሚተነፍሱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ ነው፤ ለሰዎቹ ደኅንነት ሲባል ከ70 በታች ስለማይወርዱም ከዚያ በታች የሚነበብ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ለሕክምና አገልግሎት የተፈቀደ መሆኑንና ይህን ፍተሻ ማለፉን የሚገልጽ ሰነድ ነው፤ ለስፖርት ወይም ለጤንነት መከታተያ ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ለምርመራ ክፍል አይሆንም። ፍተሻውን ያለፈውም ቢሆን ጥቂት ነጥብ ወደ ላይና ወደ ታች ይስታል፤ 90 ሲል እውነተኛው ከ86 እስከ 94 መካከል ሊሆን ይችላል። ለሕፃናት ደግሞ ይህ የአዋቂ ጣት መሣሪያ ጨርሶ አይሆንም። ትንሿ ጣት ማረፊያውን ስለማትሞላው ብርሃኑ በጎኗ አልፎ ተቀባዩ ላይ ይደርሳል፣ ቁጥሩም ይዛባል፤ ለጨቅላ ሕፃን እግር ላይ የሚጠቀለል፣ ገመድ ያለው መለኪያ ያስፈልጋል። ሕፃናትን የሚያይ ክፍል አንድ ዕቃ ብቻ የመግዛት አቅም ካለው፣ ከጣት መሣሪያው ይልቅ ልዩ ልዩ መለኪያ የሚገጠምለትንና የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያለውን የእጅ መሣሪያ እንዲመርጥ እመክራለሁ።

በቤት ውስጥ መጠቀምን አልቃወምም፤ በኮቪድ ጊዜ ትንፋሽ ሳያጥራቸው ኦክስጅናቸው የወረደ ሰዎችን በጊዜ ወደ ሕክምና ያመጣው ይኸው ነው። ዳሩ ግን ያለ መመሪያ የሚሰጥ መሣሪያ ወይ ጭንቀትን ያበዛል ወይ ሰውን ቤት ያስቀራል። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ወይም የልብ ድካም ላለበትና ለክትትል ለሚመላለስ ሰው፣ ደህና በሆነበት ቀን አርፎ ተቀምጦ ሳለ የሚነበበውን ቁጥር ለይቼ በወረቀት እጽፍለታለሁ፤ ለአንዱ 96፣ ለሌላው 90 ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ እጁን አሙቆ፣ አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ እንዲለካና እንዲመዘግብ፣ በመጨረሻም ከራሱ መነሻ በስንት ሲወርድ ስልክ እንደሚደውል፣ በስንት ሲወርድ ደግሞ ሳይደውል በቀጥታ እንደሚመጣ እጽፍለታለሁ። በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ፣ መሣሪያው ምንም ቢያነብ ወዲያው መምጣት ያለበትን እዘረዝራለሁ፦ ተቀምጦም የማይቆም የትንፋሽ ማጠር፣ መናገር ማቃት፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር፣ ግራ መጋባት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ። ወረቀቱን ለታካሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚኖረው ሰው ጭምር አንብቤ አስረዳለሁ፤ ግራ መጋባቱንና እንቅልፉን ታካሚው ራሱ ሊያውቀው አይችልምና።